ከተማን ያዳነ የገበሬ ማሳ

ወንዝ ዳር ለሚያርስ ሰው የጎርፍን ነገር ማንም አያስተምረውም። ደለሉ መሬቱን ያወፍራል፣ ውሃው ደግሞ በአንድ ሌሊት አዝመራውን ጠርጎ ይሄዳል። ዛሬ የማጫውታችሁ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ስላለችው ስለ ዴይተን ከተማ ነው። የሕዝቧ ብዛት 137 ሺህ ገደማ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

ከተማዋ በ1796 የተቆረቆረችው ታላቁ ማያሚ የሚባለው ወንዝ ሌሎች ወንዞችን በሚቀበልበት ሜዳ ላይ ነው። ስቲልወተር፣ ማድ እና ዎልፍ ክሪክ ሁሉም እዚያው አካባቢ ይገቡበታል። (ማድ ማለት እብድ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው አልተሳሳተም።) አፈሩ ለም፣ መሬቱ ለጥ ያለ፣ ውሃው ቅርብ፤ ማን ይተወዋል? ግን ዘጠኝ ዓመት ሳይቆይ በ1805 ጎርፍ ገባ። ከዚያም በ1828፣ በ1847፣ በ1866 እና በ1898 ተመላለሰ። ሰዉ በየጊዜው የወንዙን ዳር በአፈር ክትር ከፍ እያደረገ እዚያው ኖረ።

በመጋቢት 1913፣ ከፈረንጆች ፋሲካ ጀምሮ፣ ለቀናት ዶፍ ዘነበ። መሬቱ ቀድሞ ውሃ ጠግቦ ስለነበር ዝናቡ ሳይሰርግ ወደ ወንዝ ወረደ። ማክሰኞ ዕለት ክትሩ ተጣሰ። መሐል ከተማው ላይ ውሃው እስከ ስድስት ሜትር ደረሰ፤ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አደረ። በሸለቆው ከ360 ሰው በላይ አለቀ። አውሮፕላን የሠሩት የራይት ወንድማማቾች የዚች ከተማ ልጆች ናቸው፤ የበረራቸው ፎቶዎች ሳይቀሩ በውሃው ተጎድተዋል።

የከተማው ሰው ጭቃውን ሳይጠርግ ገንዘብ አዋጣ፣ አርተር ሞርጋን የሚባል መሐንዲስም ተቀጠረ። የሱ ሐሳብ ከከተማው በላይ፣ ወንዞቹ በሚመጡበት ገጠር፣ አምስት የአፈር ግድቦች መሥራት ነበር። ግን ውሃ የሚያከማቹ አይደሉም። ግርጌያቸው ላይ በር የሌለው ክፍት መተላለፊያ አለ። በደህናው ቀን ወንዙ ዝም ብሎ ያልፋል። ጎርፍ ሲመጣ ግን መተላለፊያው የሚያሳልፈው የታችኛው ወንዝ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው፤ ትርፉ ከግድቡ ኋላ ሜዳው ላይ ይተኛና ቀስ እያለ ይወርዳል። የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሰው የለም።

እንግዲህ ያ ሜዳ የማን ነው? የገበሬ ነው። የላይኞቹ ወረዳዎች ገበሬዎች «ለከተማ ብላችሁ እኛን ልታሰጥሙን ነው» ብለው ተነሱ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ስጋታቸው እውነት ነበረው፤ ግድቡ በነሱ መሬት ላይ ነው፣ ጥቅሙ ግን ታች ላለው ነው።

በ1915 የማያሚ ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ። መሬቱን በነጻ አልወሰደም። ብዙውን ገዛ፣ ከዚያም አብዛኛውን ለገበሬ መልሶ ሸጠ፤ ውሉ ላይ ግን «ጎርፍ ሲመጣ ውሃ ይተኛበታል፣ ቤት አይሠራበትም» የሚል ግዴታ ገባ። ከግድቦቹ በአንዱ ኋላ የነበረችው ኦዝቦርን የምትባል መንደር ደግሞ ቤቶቿ ተነቅለው፣ በመንኮራኩር እየተጎተቱ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። ወደ 400 ቤት!

ሥራው በ1922 አለቀ። ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ አልነበረበትም። ግድቦቹ የ1913ን ጎርፍና ተጨማሪ 40 በመቶ እንዲችሉ ተደርገው ነው የተሠሩት፤ እስካሁን ከ2000 ጊዜ በላይ ውሃ ይዘዋል።

ከግድቦቹ ኋላ 14 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት አለ፣ ብዙው ዛሬም ይታረሳል። እዚያ አገር ጎርፍ የሚበዛው በክረምታቸውና በጸደይ መግቢያ፣ ከጥር እስከ መጋቢት አካባቢ ነው። በቆሎና አኩሪ አተር የሚዘራው ከሚያዝያ መጨረሻ ወዲህ ስለሆነ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ማሳ ላይ ተኝቶ ይሄዳል። በጎርፍ ክልሉ ውስጥ ቤትና ሱቅ ያለው የታችኛው ሰው ደግሞ ለግድቦቹ ጥገና በየዓመቱ ዛሬም ይከፍላል።