ሻምፓኝ፤ ስሙ የማን ነው?

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሻምፓኝ ስም ደግሞ ከጠርሙስም በላይ ውሏል። እኛ ተማሪዎች ጠርሙሱን በቅርብ ባናውቀውም ስሙን በልብ ወለዱም በዘፈኑም አላጣነውም። ታሪኩን ስንመረምር ግን ስሙ መጀመሪያ የመጠጥ ሳይሆን የአገር ነበር፤ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሬንስና በኤፔርኔ ከተሞች ዙሪያ የሚገኝ ምድር። ታዲያ የወይን ገበሬዎች አገር ስም እንዴት የጌቶች ፈንጠዝያ ምልክት ሆነ? ጥቂት ምሳሌዎች እንይ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሞዛርት እንጀምር። በ1787 በፕራግ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው «ዶን ጆቫኒ» ኦፔራ ውስጥ ባላባቱ ድግስ እንዲሰናዳ የሚያዝበት ፈጣን ዘፈን አለ። ዓለም የሚያውቀው «የሻምፓኝ ዘፈን» ብሎ ነው። ይሁን እንጂ ደራሲው ዳ ፖንቴ በግጥሙ ያነሣው ወይንን ብቻ ነው፤ ሻምፓኝ የሚል ቃል የለበትም። ስሙን የለጠፉበት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። በእነሱ ዓይን ጌታና ሻምፓኝ ተለይተው አይታዩም ነበርና!

በ1866 ደግሞ ነገሩ ወደ እንግሊዝ ሠራተኞች መዝናኛ ወረደ። ቀድሞ መካኒክ የነበረው ጆርጅ ሌይቦርን «ሻምፓኝ ቻርሊ» የተባለውን ዘፈን ይዞ ብቅ አለ። ሌሊቱን በሻምፓኝ የሚያነጋ ቅምጥል ሆኖ ይጫወታል፤ ሕዝቡም አብሮት ያዜማል። በ1868 የፈረመው ውል በአራት ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ እንዲዞር ያስገድደው ነበር። ከመድረክ ወርዶም ጌታ መምሰል ነበረበት ማለት ነው። በ1884፣ ገና በ42 ዓመቱ፣ በድህነት ሞተ። ስሙ ሀብታም፣ ሰውዬው ድሃ!

በቪየናም በ1873 የአክሲዮን ገበያው ተንኮታኩቶ ብዙዎች ከሰሩ። በዓመቱ ዮሐን ሽትራውስ «የሌሊት ወፍ» የተሰኘውን ኦፔሬታ አቀረበ። በዚህ ጨዋታ ባለጸጎቹ ሲታለሉና ሲያታልሉ ያድሩና በመጨረሻ ጥፋቱን ሁሉ በሻምፓኝ ያላክካሉ። ምን ይደረግ፣ ጠርሙስ አፍ እንጂ ምላስ የለው!

ነገሩ በደንብ የገባው ግን ቼኾቭ ይመስለናል። በ1904 መድረክ ላይ በወጣው «የቼሪ አትክልት ቦታ» ተውኔት የከሰሩ ባላባቶች ርስታቸውን ለቀው ሊወጡ ነው። ርስቱን የገዛው ሎፓኺን አባቱና አያቱ የዚያው ቤት ገባሮች ነበሩ። ለስንብት ሻምፓኝ ያቀርባል፤ ጌቶቹ አይቀምሱለትም። የሚጠጣው አሽከሩ ያሻ ነው። እሱም ቢሆን እየጠጣ መጠጡ እውነተኛ አለመሆኑን ይናገራል። ጌትነቱም መጠጡም በስም ብቻ ቀርተዋል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልታየ አንድ ሰው አለ፤ ወይኑን የተከለው። እሱም በ1911 ሳይጋበዝ መጣ። አዝመራው በበሽታና በተባይ ተመትቶበት ሳለ ነጋዴዎች ከሌላ ቦታ ርካሽ ወይን እያስመጡ በሻምፓኝ ስም ይሸጡ ነበር። ገበሬው ተነሣ። በአዪ ከተማ የወይን ነጋዴዎች ቤቶች ተቃጠሉ፤ ወይኑ በመንገድ ላይ ፈሰሰ፤ መንግሥትም ጦር ላከ። በ1908 በተሰመረው ወሰን ከስሙ ውጭ የተደረጉት የኦብ ገበሬዎችም በበኩላቸው ሰልፍ ወጡ፤ በ1927 የወጣው ሕግ ነው እነሱንም ያስገባቸው።

ልብ እንበል፤ ዘፋኙ በስሙ ደመቀ፣ ነጋዴው በስሙ ከበረ፣ ባላባቱ በስሙ ተሸፈነ። ለገበሬው ግን ስሙ እንጀራው ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ በአንድ ልብ ወለድ ገጽ ላይ ቡሽ ሲፈነዳ ስንሰማ «ማን ጠጣ?» ብቻ ብለን አንለፍ። «ማን ተከለ? ማንስ ከፈለ?» እንበል። ደራሲው መልሱን ባይጽፈውም ጥያቄው የእኛ የአንባቢዎቹ ነው።