ሁሉም ራስ የሆነበት በዓል

የካቲት 23 ማለዳ ከአስኮ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጎፈር የደፋና ለምድ የደረበ ወጣት ቢሳፈር ወያላው ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። ተለምዷል። ጋሻውን የት ላድርገው ብሎ ሲጨነቅ አጠገቡ የተቀመጡ እናት ተቀብለው ጭናቸው ላይ ያደርጉለታል። ከሃያ ዓመት በፊት ግን እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይታይም ነበር። ያኔ የአድዋ በዓል ማለት በአብዛኛው የአበባ ጉንጉን፣ የአባት አርበኞች ሰልፍና የማታው ዜና ነበር። ተራው ሰው የ1888ን ልብስ ለብሶ አደባባይ መውጣትን ባህል ያደረገው በእኛ ዘመን ነው።

ጅማሬው ከመንግሥት አልመጣም። በ2006 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች ከአዲስ አበባ ተነስተው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘው ለበዓሉ አድዋ ገቡ። «ጉዞ አድዋ» ተብሎ በየዓመቱ ቀጠለ። ከእነሱ ጋር ልብሱም ተስፋፋ። ትምህርት ቤቶች ልጆችን እያለበሱ ማሰለፍ ጀመሩ፤ ፈረሰኞች ከከተማው ዙሪያ ወደ ምኒልክ አደባባይ መምጣት ጀመሩ። ገበያውም አልተኛም። ከሰው ሠራሽ ጸጉር የተሠራ ጎፈርና በወርቅማ ቀለም የተቀባ የካርቶን ጋሻ የየካቲት ሸቀጥ ሆነ።

ያለፈ ዘመንን ለብሶ ማክበር የእኛ ብቻ አይደለም። በዌልስ ላንድሪንዶድ ዌልስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ባቡር ሲገባላትና እንግዶች የማዕድን ውኃዋን ሊጠጡ ሲጎርፉ ያደገች ናት። ነዋሪዎቿ ለአሥርት ዓመታት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ልብስ አጊጠው በጎዳናዎቿ ሲንሸራሸሩ ኖረዋል። በእንግሊዝም ሮቸስተር የተባለችው ከተማ በደራሲው ዲክንስ ስም ተመሳሳይ በዓል ታደርጋለች። ረጅም ባርኔጣ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ የፈረስ ጋሪ። ለቱሪስት ደስ ይላል፤ ለሻይ ቤቱም ገበያ ነው።

ቪክቶሪያ የነገሠችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1837 እስከ 1901 ነው። ይህ ዘመን በእኛ በኩል ከዘመነ መሳፍንት ማብቂያ እስከ አድዋ ማግስት ያለው መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አጼ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ያጡት ከእሷ ነው። መልስ አጥተው ባሰሯቸው ሰዎች ምክንያት ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የወጣው በእሷ ስም ነው። ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ የሞተው፣ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት የተቀበረውም በእሷ ዘመን ነው። አጽሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 አልተቀበለም። በዚያው ዓመት የተመለሰው ጉንጉን ጸጉሩ ብቻ ነው።

ነገሩ ግን ሁሉ መራራ አልነበረም። ከአድዋ ሁለት ዓመት በኋላ ንግሥቲቱ ለምኒልክና ለጣይቱ በሸክላ ማጫወቻው ቅድመ አያት፣ በፎኖግራፍ፣ ድምጿን ቀድታ ላከች። ምኒልክ ድምጿን ሲሰሙ መድፍ እንዲተኮስ አደረጉ ይባላል። እሳቸውና እቴጌይቱም በአማርኛ ድምጻቸውን ቀድተው መልሰዋል፤ ቅጂው ዛሬም አለ። የቪክቶሪያ ቅጂ ግን ከተሰማ በኋላ በራሷ ትእዛዝ እንዲጠፋ ተደርጓል። መቅደላን ያስመታች ንግሥት በሰላሳኛው ዓመት ለኢትዮጵያ ንጉሥ በአክብሮት የምትናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በመሀል አድዋ አለ።

እንግዲህ ያንን ዘመን እንልበስ ካልን ምን እንደምንለብስ ማወቁ አይከፋም። የዛሬውን ሰልፍ ያየ ሰው በአድዋ የዘመተው ሁሉ ራስና ደጃዝማች ነበር ብሎ ሊያስብ ይችላል። ለምድ ያኔ እንደ ነጠላ የሚገዛ ልብስ አልነበረም፤ ንጉሥ ወይም ትልቅ መኮንን ጀግናን የሚሸልመው ማዕረግ ነው። ጎፈርም የገዳይ ምልክት ነው። መቶ ሺህ ገደማ ይሆናል ከሚባለው ጦር እጅግ አብዛኛው ሸማና ሱሪ ብቻ የለበሰ፣ በባዶ እግሩ ትግራይ የደረሰ፣ ስንቁን በጀርባው ወይም በአህያ የጫነ ገበሬ ነበር። በእንግሊዞቹ በዓል ሁሉም ወይዘሮና ባላባት ሆኖ፣ የጭስ ማውጫ የሚጠርገው ልጅ እንደሚጠፋው ሁሉ፣ በእኛም በዓል ባዶ እግሩን የመጣው ጠፍቷል።

ያ ገበሬ ከየት እንደመጣም እናስብ። ከአድዋ ስምንት ዓመት በፊት ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ጀመረ። በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣ የከብት በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀው። ከመቶ ዘጠናው አለቀ የሚሉ አሉ። በሬ ሲሞት እርሻ ቆመ፤ ቀጥሎ ሰው አለቀ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረው ለመኳንንቱ አሳዩ ተብሎ የተጻፈው ስለዚህ ጊዜ ነው። ረሃቡ የቆመው በ1884 ገደማ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላ ክተት ታወጀ። አድዋ የሄደው ሠራዊት ከረሃብ ገና ያገገመ ሕዝብ ነበር፤ ይህንን ማወቅ ድሉን የበለጠ ያገዝፈዋል እንጂ አያሳንሰውም።

ሴቶቹም አሉ። በሰልፉ ላይ ጣይቱን የሚመስሉ ብዙ ልጃገረዶች ይታያሉ፤ ደግ ነው፤ እቴጌይቱ በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ውኃ እንዲያዝ አድርገው ጣሊያኑን አስለቅቀዋል። ጭሬታ ተሸክማ፣ እህል ፈጭታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ቁስለኛ አንስታ አገር አቋርጣ የተጓዘችውን ስመ ጥፉ ሴት የሚለብስ ግን አይታይም። ያለ እሷ ያ ሁሉ ሰው መቀሌም ባልደረሰ።

ልብሱ የሚሸፍነው ሌላም አለ። በ1887 ምኒልክ ወላይታን ወግተው ንጉሥ ጦናን ማርከዋል፤ ብዙ ሰውና ከብት ተነድቷል። ከአድዋ በኋላም ለጣሊያን የተዋጉ 800 ያህል የተማረኩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ይህንን የሚያነሳ ሰው የድሉ ጠላት ነው የሚባልበት ጊዜ ላይ ነን። በሌላው ወገን ደግሞ ይህ አለና ድሉ የእኛ አይደለም የሚል አለ። ሁለቱም ታሪኩን ከልብሱ ጋር አንድ አድርገው ነው የሚከራከሩት። በማርያም ሸዊቶ የዳቦርሚዳን ጦር የበታተኑት የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኞች ከኦሮሞ ናቸው። የዘመተው ሕዝብ ራሱ እንዲህ ድብልቅ ሆኖ ሳለ በዓሉን ለአንድ ወገን መስጠትም መንጠቅም አይያዝም።

ፈረስ ከተነሳ ወደ እንጅባራ መሄድ ይገባል። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት፤ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መንገድ ላይ፣ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ የምትገኝ ብርዳም ደጋ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን እዚያ ያከብራል። አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከል፣ ዚገም፤ ሰባቱ ቤቶች እነዚህ ናቸው። ሜዳው በፈረስ ይሞላል። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ የፈረሱ አንገትና ግንባር ጌጥ ከባለቤቱ ልብስ ይበልጣል። ግልቢያ አለ፣ ሽርጥ አለ፣ ጉግስ አለ። ዓላማው በአድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የተሳተፉ ፈረሶችን መዘከር ነው። ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ፈረሶችን! አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው በፈረሳቸው ስም በሚጠሩበት አገር ይህ አያስደንቅም።

የማኅበሩ ልደት ግን ያስደንቃል። የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጣሊያን ከጎጃም አልወጣም። አጼ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ የገቡት በጥር 1933 ነው፤ የጣሊያን ጦር እንጅባራን ለቆ የሄደውም በየካቲቱ ነው። ማለትም የአባቶቹን ጦር አድዋ ላይ ያሯሯጡ ፈረሶችን የሚዘክር ማኅበር የቆመው ወራሪው እዚያው አገር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ነው። ሲመሠረት ማኅበርተኞቹ ሐሳባቸውን ምን ያህል በግልጽ ይናገሩ እንደነበር መገመት ይቻላል፤ ፈረስ ያለው ሰው መሰባሰቡን ለሰርግና ለለቅሶ ነው ማለት አይከብደውም። የድፍረቱን መጠን ግን ቀኑ ራሱ ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሦስትና አራቴ ተለዋውጧል። ማኅበሩ ግን አለ። በ2017 ዓ.ም. 85ኛ ዓመቱን ደፍኗል። ምስጢሩ አባልነቱ ይመስላል። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሚወጣው ሰው ልብስ ተከራይቶ የመጣ አይደለም፤ የራሱ ፈረስ አለው፤ ያ ፈረስ ዓመቱን ሙሉ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ገበያ ያደርሳል። ማኅበርተኛው ተጣልቶ ቢሆን የሚታረቀውም በማኅበሩ ሽማግሌ ነው። በዓሉ የዚህ ኑሮ አንድ ቀን ነው። አሁን ክልሉ በዩኔስኮ ለማስመዝገብ እየሠራ ነው፤ የክብር እንግዳ ድንኳኑም በየዓመቱ እየሰፋ ነው። ምዝገባው መልካም ነው። ፈረሰኛው ንግግሩ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ የሚቆምበት በዓል ከሆነ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይመጣል።

አዲስ አበባ ይህንን ጥያቄ በከፋ መንገድ ቀምሳዋለች። የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. መንግሥታዊው በዓል መስቀል አደባባይ ላይ በመከላከያ መሪነት ሲከበር፣ እንደ ልማዱ ምኒልክ ሐውልት ሥር የተሰበሰበው ሕዝብ በአስለቃሽ ጭስ ተበተነ። ጭሱ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ድረስ ገባ፤ በእለቱ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ለምድ የደረቡ ልጆች ዓይናቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲሮጡ የሚያሳዩት ፎቶዎች ዛሬም በየስልኩ አሉ። ያ ሐውልት በ1923 ለንግሥ በዓል ዋዜማ የተመረቀ፣ ጣሊያን ሲገባ አንስቶ የደበቀው፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። ሰው እዚያ የሚሰበሰበው ተጋብዞ አይደለም።

በየካቲት 2016 የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ከሐውልቱ ትንሽ ፈቅ ብሎ ተመረቀ። ግዙፍ ነው፤ ሊታይ የሚገባው ነው። ሙዚየም ግን ሰልፍን አይተካም። ከአስኮም ከኮልፌም ልብሱን ለብሶ የሚመጣው ወጣት የሚሄደው አዳራሽ ውስጥ ተመልካች ሊሆን አይደለም። እንጅባራዎቹ ዓመታቸውን የሚቆጥሩበት ማኅበር አላቸው፤ ሽማግሌ፣ መዋጮ፣ የአባላት መዝገብ አላቸው። የፒያሳው ባለ ጎፈር ግን እስከ አሁን ማኅበርም መዝገብም የለውም፤ ያለው የታክሲ ሒሳብና የራሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህም ማንም ባለሥልጣን ከማን ጋር እንደሚነጋገር አያውቅም፤ ሰልፈኛውም ሲከለከል በማን በኩል እንደሚጠይቅ አያውቅም። ጉዞ አድዋን የጀመሩት ወጣቶች ይህንን ቀድመው ገብቷቸው ስም ሰጥተው፣ መንገድ ቀይሰው፣ ምዝገባ አድርገው ነው የተነሱት። የከተማው ሰልፈኛ ከእነሱም ከእንጅባራም የሚማረው አለ፤ ለዚህ ደግሞ እስከሚቀጥለው የካቲት ድረስ ጊዜ አለው።