ምክንያቱ ሳይታወቅ ሦስት መቶ ዓመት ያገለገለ መነጽር

መነጽር የተፈለሰፈው በኢጣሊያ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። የፒሳው ሰባኪ መነኩሴ ጆርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1306 ፍሎረንስ ውስጥ ባሰማው ስብከት፣ ጥበቡ ከተገኘ ገና 20 ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል፤ ፈልሳፊውንም አይቶ እንዳነጋገረው ጨምሮ ገልጿል። ስሙን ግን አልጠራም። በዚያው ዘመን በፒሳ የቅድስት ካትሪና ገዳም አሌሳንድሮ ዴላ ስፒና የሚባል መነኩሴ ይኖር ነበር። የገዳሙ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ መነጽሩን አስቀድሞ የሠራው ሰው ጥበቡን ለሌላ ማካፈል አልፈቀደም። ስፒና ግን ዕቃውን አይቶ ራሱ ሠራው፤ አሠራሩንም ለሁሉም በደስታ አካፈለ። የፈልሳፊው ስም ጠፍቶ የስፒና መቆየቱ የሚያስከፋ አይደለም።

ያ መነጽር በአፍንጫ ላይ የሚቀመጥ፣ የጆሮ ማንጠልጠያ የሌለው፣ መሐላቸው የወፈረ ሁለት ሌንሶች የተያያዙበት ዕቃ ነበር። ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በተለመደው መስተዋት ውስጥ ግን ወደ 200,000 ይቀንሳል። ጨረሩ መስተዋቱን በሰያፍ ሲመታ ይህ የፍጥነት ለውጥ አቅጣጫውን ያጥፈዋል። መሐሉ የወፈረ ሌንስ ጨረሮችን ወደ ውስጥ አጥፎ አንድ ነጥብ ላይ ያገናኛል፤ መሐሉ የሳሳው ደግሞ ይበትናቸዋል። የመጀመሪያው ዓይነት ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ አንባቢዎችንና ጸሐፊዎችን ታደገ። ለሩቅ እይታ የሚረዳው፣ መሐሉ የሳሳው ሌንስ የተከተለው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የሚላኑ መስፍን ፍራንቼስኮ ስፎርዛ በ1462 ከፍሎረንስ ሦስት ደርዘን መነጽር ሲያዝ፣ ከመካከላቸው አንዱ ደርዘን ለሩቅ፣ ሌላው ለቅርብ እንዲሆን ጠይቋል።

እንግዲህ የትኛው ሌንስ ለማን እንደሚረዳ ሠሪው ያውቅ ነበር፣ ገዢው ያውቅ ነበር፤ ሊቃውንቱ ግን መነጽሩ ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት አልቻሉም። በባስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብን አል ሃይሠም በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ማየት የሚቻለው ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን ሲገባ መሆኑን አስረድቶ ነበር። ይሁንና የሚታየውን የሚቀበለው ከብሌኑ በስተኋላ ያለው የዓይን ሌንስ ነው ብሎ አሰበ። በዓይን ውስጥ ምስል ይገለበጣል የሚለው ሐሳብ ለእሱም ሆነ ለተከታዮቹ የሚዋጥ አልነበረም።

ቋጠሮውን የፈታው ዮሐንስ ኬፕለር ነው። በልጅነቱ በያዘው ፈንጣጣ ዓይኑ የተጎዳው ይህ የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ፕራግ ሳለ በ1604 ባሳተመው መጽሐፍ ምስሉ የሚያርፈው በዓይን ጀርባ ባለው ሬቲና ላይ መሆኑን አሳየ፤ የተገለበጠ መሆኑንም ሳይሸሽ ተቀበለ። ከአንድ ነጥብ የሚነሱ ጨረሮች በዓይን ውስጥ ታጥፈው እንደገና አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። መገናኛው ከሬቲናው ፊት ከሆነ ሩቅ ያለው ይደበዝዛል፤ የሳሳው ሌንስ ጨረሩን አስቀድሞ በትኖ መገናኛውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዕድሜ የዓይን ሌንስ ሲደርቅና መጎበጥ ሲያቅተው ደግሞ፣ የቅርብ ዕቃ ጨረሮች ሬቲናው ላይ ሳይገናኙ ይደርሳሉ፤ ወፍራሙ ሌንስ የጎደለውን እጥፋት ይሞላል። ሦስት መቶ ዓመት በልምድ የተሠራበት ነገር ምክንያቱን ያገኘው ያኔ ነው።

በ1825 እንግሊዛዊው ጆርጅ ኤሪ የገዛ ዓይኑን መዛባት ለማረም አንዱ ገጹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የጎበጠ ሌንስ አሠራ። በ1872 ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ፈርዲናንድ ሞኖየ የሌንስን ጉልበት መለኪያ ዳይኦፕተር ብሎ ሰየመው። ቁጥሩ 1 ለሌንሱ መገናኛ ርቀት በሜትር ሲካፈል የሚገኝ ነው። በመነጽር ማዘዣ ላይ የሚጻፈው +2 ትይዩ ጨረሮችን በግማሽ ሜትር ላይ የሚያገናኝ ወፍራም ሌንስ ነው፤ −2 የታዘዘለት ሰው ደግሞ ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ ግማሽ ሜትር ያለውን ነው።