የባላባቱ እርግቦች

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ በፈረንሳይ አብዮት ላይ የተጻፈ ልብ ወለድ ስናነብ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ እርግብን ከአብዮት ምን አገናኘው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልሱን ስለማላውቅ ነበር።

በኖርማንዲ ገጠር፣ በድሮ ባላባቶች ግቢ ውስጥ፣ ክብ የድንጋይ ግንብ ይታያል። ላየው ሰው ምሽግ ይመስላል፤ የእርግብ ቤት ነው። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ የጎጆ ቀዳዳ ብቻ፤ በትልልቆቹ ከሺህ ይበልጣል። መሀሉ ላይ የሚሽከረከር ምሰሶ ቆሞ መሰላል ተያይዞበታል። ሰውየው ከመሰላሉ ሳይወርድ ዙሪያውን እየዞረ ቀዳዳውን ሁሉ ይዳብሳል። የሚፈልገው መብረር ያልጀመረ፣ የአራት ሳምንት ግድም ጫጩት ነው፤ ሥጋው ለስላሳ ነዋ! ከውጭ ደግሞ አይጥና ሸለምጥማጥ እንዳይወጡ ግንቡን የከበበ የድንጋይ ክፈፍ አለ። ኩሱም አይጣልም፤ ለአትክልትና ለወይን ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። እንግሊዝ ውስጥማ በ17ኛው መቶ ዓመት የንጉሡ ሰዎች የባሩድ ቅመም ፍለጋ የእርግብ ቤት ወለል ይቆፍሩ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብልሃት ነው። ጣጣው ቀላቢው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ኖርማንዲ ውስጥ ይህን ግንብ መሥራት የሚፈቀደው እኛ ጉልት ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ይዞታ ላለው ጌታ ብቻ ነበር። እርግቦቹ የጌታው፣ እህሉ የገበሬው። ዘር በተዘራ ማግስት መንጋው ይወርዳል፤ ገበሬው ጮሆ ያባርራል እንጂ አይገድልም። እኔም ልጅ ሳለሁ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ወፍ ጠብቄአለሁ። የመታሃት ወፍ ባለቤት አላት ብሎ የመጣብኝ ግን የለም።

በ1789 ንጉሡ ሕዝቡን ቅሬታህን ጽፈህ አምጣ ባለው ጊዜ፣ ከየመንደሩ በመጡት መዝገቦች እርግብ ደጋግማ ተነሳች። በዚያው ዓመት ኦገስት የወጣው የባላባት ሥርዓት መሻሪያ አዋጅ አንቀጽ ሁለት ስለ እርግብ ቤት ነው፦ የጌቶቹ ልዩ መብት ቀረ፤ ማኅበረሰቡ በሚወስነው ወራት እርግቦች ይዘጋባቸው፤ በዚያ ጊዜ ማሳው ላይ ያገኛት ሁሉ ይግደል። ታዋቂው የሰው ልጅ መብቶች ድንጋጌ የጸደቀው ከዚያ በኋላ፣ ኦገስት 26 ነው። እርግቧ ሰውን ቀደመችው ማለት ነው።

ከግንቦቹ ብዙዎቹ አሁንም አሉ። አንዳንዶቹን የእንግዳ ማደሪያ አድርገዋቸዋል። ማማራቸውን አልክድም። ያን ተማሪ ባገኘው ግን አንቀጽ ሁለትን ነበር የማነብለት።