የረቂቅ ሕዋሳት መልእክት፤ የአንድ ግኝት ታሪክ

ባክቴሪያ ለየራሱ የሚኖር ብቸኛ ፍጡር ነው የሚለው አስተሳሰብ በሳይንስ ዓለም ለብዙ ዘመን ጸንቶ ቆይቷል። አስተሳሰቡ እንዴት እንደተለወጠ የሚያስረዳ መልካም ምሳሌ የምናገኘው የሳንባ ምች ከሚያመጣው ከኒሞኮከስ ታሪክ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ግሪፊዝ በሽታ የማያመጣውን የኒሞኮከስ ዓይነት በሙቀት ከተገደለ ገዳይ ዓይነት ጋር ቀላቅሎ አይጦችን ቢወጋ አይጦቹ ሞቱ፤ በደማቸውም ውስጥ ሕያው የሆነ ገዳይ ባክቴሪያ ተገኘ። በ1944 ደግሞ አቨሪ፣ ማክሎድና ማካርቲ ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ባደረጉት ምርምር፣ ይህን ባሕርይ ያስተላለፈው ዲ.ኤን.ኤ. መሆኑን አሳዩ። ይሁን እንጂ ባክቴሪያው ዲ.ኤን.ኤ.ውን ለመቀበል የሚበቃው በተወሰነ ጊዜ ብቻ የሆነው ስለ ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር።

በ1965 በዚያው ተቋም ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ቶማዝ፣ ሕዋሳቱ ከተወሰነ ብዛት ሲደርሱ ባንድነት ብቁ እንደሚሆኑና ምክንያቱም ራሳቸው ወደ ውጭ የሚለቁት ሆርሞን መሰል ነገር እንደሆነ ገለጸ። ሆርሞን የእንስሳትና የዕፅዋት እንጂ የባክቴሪያ ነው ተብሎ ስለማይታሰብ፣ ሐሳቡ በጥርጣሬ ታየ። ንጥረ ነገሩ ተነጥሮ 17 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ መሆኑ የታወቀው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ በሆቫርስታይንና በባልደረቦቹ ሥራ ነው።

አሠራሩ ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። እያንዳንዱ ሕዋስ ፔፕታይዱን በጥቂቱ ያመርታል። ሕዋሳቱ ሲበዙ የፔፕታይዱም መጠን ከፍ ይላል፤ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው ተቀባይ ፕሮቲንም ይህን ተረድቶ ወደ ውስጥ መልእክት ያስተላልፋል። በዚህ የሚቀሰቀሱት ጂኖች ፔፕታይዱን ራሱን የሚያመርቱትን ስለሚጨምሩ ምልክቱ በፍጥነት ይጎለብታል። ሕዋሱም መከፋፈሉን አዘግይቶ ዲ.ኤን.ኤ. ለመቀበል ይሰናዳል። ጥቂት ቆይቶ፣ በዚሁ ሥርዓት የተመረተ ሌላ ፕሮቲን መልሶ ይዘጋዋል።

ነገሩ የዕውቀት ፍላጎትን ለማርካት ብቻ የሚጠና አይደለም። ኒሞኮከስ ፔኒሲሊንን የሚቋቋምበትን ጠባይ ያገኘው ከዘመዶቹ ባክቴሪያዎች የጂን ቁራጮችን በዚህ መንገድ በመውሰድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእነዚህም ይሠራል፤ መልእክታቸውን ማቋረጥም አንዱ የመከላከያ ዘዴ ይሆን ዘንድ በመጠናት ላይ ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፍ ትምህርት አለ። የቶማዝ ልኬት ከመጀመሪያው ትክክል ነበር፤ የዘገየው ልኬቱን የሚያስተናግድ አስተሳሰብ ነው። ከጠበቅነው ጋር የማይስማማ ውጤት በመዝገባችን ላይ ሲገኝ፣ ከመሰረዛችን በፊት ሁለተኛ ልንመረምረው ይገባል።