የተከለከለው ተውኔትና የአባት እርግማን

አንድ ተውኔት ሲከለከል ይሞታልን? የፈረንሳዊው ደራሲ የቪክቶር ሁጎ «ንጉሡ ይዝናናል» የተባለው ድርሰት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተውኔቱ ስለ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊና ስለ ጐባጣው አጫዋቹ ስለ ትሪቡሌ ይናገራል። ንጉሡ ልጁን ያዋረደበት አንድ ሽማግሌ መኰንን ቤተ መንግሥት ገብቶ ሲጮኽ ትሪቡሌ ያፌዝበታል፤ ሽማግሌውም ሁለቱን ይረግማቸዋል። ጥቂት ቆይቶ የትሪቡሌ ልጅ ብላንሽ በዚሁ ንጉሥ እጅ ትወድቃለች። አባት ንጉሡን የሚገድልለት ሰው ቢቀጥርም በንጉሡ ፈንታ የምትሞተው ልጁ ናት።

ድርሰቱ በኖቬምበር 22 ቀን 1832 በፓሪስ ታየ፤ በማግሥቱም ታገደ። ሁጎ የ1830ው ሕገ መንግሥት ሳንሱርን ሽሯል ብሎ ቢከራከርም አልተፈረደለትም። ተውኔቱ በፓሪስ እንደገና የታየው ልክ በ50ኛው ዓመት፥ በ1882 ነበር።

በመካከሉ ግን ነገሩ ወደ ኢጣሊያ ተሻግሮ ነበር። ጁዜፔ ቬርዲ ከገጣሚው ፒያቬ ጋር ወደ ኦፔራ ሲለውጠው ቬኒስን የሚገዙት የኦስትሪያ ሹማምንት ተቃወሙ። ስለዚህ ንጉሡ የማንቱዋ መስፍን፥ ትሪቡሌም ሪጎሌቶ ተባሉ። ቬርዲ ጐባጣውንና እርግማኑን ግን አልለቀቀም፤ ኦፔራው በማርች 11 ቀን 1851 ታየ። በ1859 ቶም ቴይለር ታሪኩን ወደ እንግሊዝኛ ተውኔት መለሰው። በ1982 ደግሞ በለንደን ኦፔራው በኒው ዮርክ ወንበዴዎች መካከል እንደ ሆነ ተደርጎ ቀረበ። ሹማምንት የንጉሥ ስም ማስነሣት ቻሉ፤ የአባትን ኀዘን ግን ማስነሣት አልቻሉም። ይህን ለመረዳት ፈረንሳይኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ በማታር ዙሪያ ባሉት ኑዌሮች ዘንድም ሆነ በደገኛው ዘንድ የሽማግሌ እርግማን የሚፈራ ነው።

የአገራችንም ቴአትር የጀመረው በእገዳ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ» በተባለው ተውኔታቸው የሹማምንትን ጥፋት በአውሬዎች አስመስለው ቢያቀርቡት፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ሁጎ ንጉሡን በስሙ ጠርቶ ታገደ፤ ተክለ ሐዋርያት በአውሬ ቆዳ ሸፍነውም አላመለጡም። ሆኖም ዛሬ የአማርኛ ተውኔት ታሪክ ሲነገር መጀመሪያ የሚነሣው ያ የተከለከለው ድርሰት ነው።

እንግዲህ የቴአትርን ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች የታየውን ብቻ ሳይሆን የታገደውንም ልንመረምር ይገባናል፤ የከለከለው ሰው ምን እንደ ፈራ ብንጠይቅ፥ ተውኔቱ ምን እንደ ነካ እናውቃለንና።