ደማስቆን የማያውቃት የደማስቆ ቢላዋ

ዛሬ ገበያ ላይ «የደማስቆ ብረት» ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠው፣ ገላው በሞገድ መስመር የተዥጎረጎረ የወጥ ቤት ቢላዋ ከደማስቆ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። የእንጀራ ልጅ ነው። ስሙን ከአንድ ሰይፍ፣ አሠራሩን ከሌላ ወርሷል።

ስሙን ያወረሰው ሰይፍ ብረቱ የሚመጣው ከደቡብ ሕንድና ከስሪላንካ ነበር። የዚያ አገር አቅላጮች ብረቱን ከእንጨትና ከቅጠል ጋር በሸክላ ዕቃ አሽገው በከሰል እሳት ያቀልጡታል። ዕቃው ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ሲሰበር ድብልብል ያለ ጥፍጥፍ ይወጣል፤ የካርቦን መጠኑም 1.5 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ጥፍጥፉን ነጋዴ ወደ ፋርስና ወደ ሶርያ ይወስደዋል። እዚያ የሚቀበለው አንጥረኛ ትልቁ ሙያው እሳት መቆጠብ ነው። በለዘብተኛ ሙቀት ደጋግሞ ከቀጠቀጠው ጥቃቅን የካርቦን ውህዶች በመስመር ይሰለፉና ጥለት ሆነው ይታያሉ፤ ከልክ በላይ ካጋለው ግን ውህዶቹ ብረቱ ውስጥ ይሟሙና ጥለቱ ድራሹ ይጠፋል። ጥለቱን ማንም አልደራረበውም፣ ማንም አልሣለውም። ከራሱ ከብረቱ የወጣ ነው።

ይህ ሙያ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን እየተመናመነ ጠፋ። አውሮፓውያን ምስጢሩን ፍለጋ ብዙ ደከሙ። በኤሌክትሪክ ምርምሩ የምናውቀው ማይክል ፋራዳይ፣ አባቱ አንጥረኛ ነበርና፣ ቢላዋ ሠሪው ጄምስ ስቶዳርትን ይዞ በ1820 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሞከረ፤ ምስጢሩ አሉሚኒየም መስሎት ሳተ። ሩሲያዊው ፓቬል አኖሶቭ በኡራል ተራሮች ዝላቶውስት ከተማ ሠርቶ ውጤቱን በ1841 አሳተመ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ አሜሪካዊው የብረት ሊቅ ጆን ቨርሆቨንና አንጥረኛው አልፍሬድ ፔንድሬይ ተጋግዘው ቁልፉ እንደ ቫናዲየም ያለ ኢምንት ቅመም መሆኑን አሳዩ። እንደ እነሱ ግምት ያ ዓይነቱ ማዕድን ሲያልቅ ጥለቱም አብሮ አለቀ። አንጥረኛው ሙያውን ሳይረሳ ብረቱ ከዳው ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሰሜን አውሮፓ ነው። እዚያ አንጥረኞች የተለያዩ የብረት ዘንጎችን እየጠመዘዙና እያጋሉ አጣብቀው ሰይፍ ይሠሩ ነበር። በ1939 እንግሊዝ ውስጥ ሰተን ሁ ከተባለው መቃብር የወጣው የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሰይፍ የተሠራው እንዲህ ነው። የዛሬው ቢላዋ ዘመዱ ይሄ ነው። ሙያውን በዘመናችን ያስነሣው የሜሪላንዱ አንጥረኛ ቢል ሞራን ይባላል፤ በ1973 በዚህ ስልት የተሠሩ ቢላዎችን ለሙያ ጓደኞቹ አሳየ። አሠራሩን አልደበቀም፣ አስተማረ እንጂ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተቋቋመው የአሜሪካ አንጥረኞች ማኅበር መሥራችም እሱ ነው። በማኅበሩ የሊቀ ጠቢብነት ማዕረግ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 300 ንብርብር ያለው ቢላዋ ሠርቶ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ከዚያ በዚያው ስለት የክንዱን ፀጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻም ቢላዋውን 90 ዲግሪ ያጥፈዋል። ከተሰበረ ወደቀ።

ምድጃው ዘንድ እንቅረብ። ተራ የካርቦን ብረትና ሁለት በመቶ ያህል ኒኬል ያለው ብረት እየተፈራረቁ ይደረደራሉ፤ ሰባት ቅጠል እንበል። ጫፋቸው ተበይዶ ይያዝና ምድጃ ይገባሉ። ደመቅ ያለ ቀይ ሲሆኑ ቦራክስ ይነሰነስባቸዋል፤ ቦራክሱ ቀልጦ ዝገትና አየር እንዳይገባ ይሸፍናል። ሙቀቱ 1,200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብረቱ ቢጫ ይሆናል፣ ቦራክሱም ይፈላል። ያን ጊዜ በጉጠት ይዞ መስፍ ላይ ማውጣትና ሳይዘገዩ መምታት ነው። የመጀመሪያው ምት ለስለስ ያለ ይሁን፤ በኃይል የመታ ሰው ቅጠሎቹን ያንሸራትታቸዋል፣ የፈላው ቦራክስም ፊቱ ላይ ይረጫል። ከተጣበቀ በኋላ ይሳባል፣ መሐሉ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይጋላል። ሰባቱ ቅጠሎች ስድስት ጊዜ ሲታጠፉ 448 ይሆናሉ። ቆሻሻ በመሐል ከቀረ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስንጥቁ የሚታየው ከተሞረደ በኋላ መሆኑ ያናድዳል። ጥለቱን የሚያወጣው ደግሞ መፋቅ ነው፤ ንብርብሩ በአግድም ሲሸረሸር፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ቀለበቱ እንደሚታየው ሁሉ፣ የውስጡ ብቅ ይላል። አሲድ ውስጥ ሲነከር ተራው ብረት ይጠቁራል፤ ኒኬል ያለው ብሩህ ሆኖ ይቀራል።

ወጥ ቤት የገባበት ታሪክ በአብዛኛው የጃፓን ነው። በ1876 የሜጂ መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ አደባባይ መውጣትን ሲከለክል ብዙ ሰይፍ ሠሪ እንጀራው ተዘጋበት፤ ብዙዎቹም ወደ ቢላዋና ወደ እርሻ መሣሪያ ዞሩ። እንደ ሳካይና ኤቺዘን ያሉት የቢላዋ ከተሞች እስከ ዛሬ በዚሁ ሙያ ይኖራሉ። ግን እውነቱን እንነጋገር፦ በአብዛኛው ባለ ጥለት የወጥ ቤት ቢላዋ ሥጋውን የሚቆርጠው መሐል ላይ ያለው አንድ ጠንካራ ብረት ነው። ንብርብሩ በግራና በቀኝ የለበሰው ልብስ ነው፤ ስለት አይጨምርም። ብዙ ጊዜም ከፋብሪካ ተጣብቆ የመጣ ሰሌዳ ነው። ለጥለቱ ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ለውበት እንደከፈለ ይወቀው፤ ውበትም ዋጋ አለው።

የባሰው ጥለቱን በጨረር ላዩ ላይ ስሎ የሚሸጠው ነው። መለያው ቀላል ነው። አንዱን ጥግ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አጥፍቶ አሲድ መቀባት። እውነተኛው ንብርብር ከሆነ ጥለቱ እዚያው ቦታ ተመልሶ ይወጣል፤ የተሳለ ከሆነ ተራ ብረት ብቻ ይቀራል።